ከሱሉልታ ሆኖ አውሮራ ማየት ይቻላል? የፀሐይ ማዕበል ትንበያ ማንበብ ለምታውቁ

የሱሉልታዋ እናት፣ ሱሉልታ፣ ማታ 1፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የምትኖረው ኖርዌይ ነው። ትናንት ሌሊት ከበረንዳዋ ላይ ሆና የቀረጸችውን ላከችልኝ፤ አረንጓዴና ሐምራዊ ብርሃን ከአድማስ ተነሥቶ እስከ አናቷ ድረስ ይወዛወዛል፤ አውሮራ ይባላል አለችኝ። ልጆቼ ደጋግመው አይተው አልጠገቡም። ትልቁ ልጄ በስልኬ ላይ አውሮራ የሚተነብይ መተግበሪያ ጫነ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላም ማስጠንቀቂያ መጣ። «ኬፒ 8፣ ጂ4፣ ከባድ የማግኔት ማዕበል ይጠበቃል» ይላል።

እኛ ያለነው ከእንጦጦ ጀርባ ነው። የከተማው መብራት በተራራው ተከልሎ ስለሚቀር ወደ ጫንጮ በኩል ያለው ሰማይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ልጆቹን ጋቢ ደርቤላቸው ሌሊት ላውጣቸው ወይስ ይተኙ? ደግሞ በሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን «ዛሬ ሌሊት ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል አደገኛ ጨረር ስለሚያልፍ ስልካችሁን ከአጠገባችሁ አርቁ» የሚል መልእክት እየዞረ ነው። እናቴ ፈርታ ደጋግማ ደወለችልኝ። ከማዕበሉ ጋር ይገናኛል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የአያት ልጅ፣ አያት፣ ማታ 1፡25

ውጪ እንጂ! በግንቦት 2016 የተነሣው ማዕበል እስከ ሜክሲኮና ፖርቶ ሪኮ ድረስ ታይቷል። በሕንድ ላዳክ፣ ሐንሌ ያለው የኮከብ መመልከቻ ጣቢያም ቀይ ብርሃን በካሜራ ቀርጿል። ፖርቶ ሪኮ 18 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ እኛ 9 ላይ ነን። የ9 ዲግሪ ልዩነት ይህን ያህል ተስፋ የሚያስቆርጥ አይመስለኝም። መተግበሪያው ለአዲስ አበባ ዕድሉ ዜሮ ነው ቢልም እኔ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ።

መምህሩ፣ ሰበታ፣ ማታ 2፡05

እህቴ፣ መልሱን በቅድሚያ ልስጥሽ። ልጆቹ ይተኙ። በኬፒ 8 ከሱሉልታ አውሮራ አይታይም።

የስልኩም መልእክት ሐሰት ነው። በየጊዜው ያንኑ ሰዓትና ያንኑ ቃል ይዞ ይመለሳል። ከፀሐይ የሚመጡትን ቅንጣቶች የምድር መግነጢሳዊ መስክና ከባቢ አየሩ ይመክቷቸዋል። መግነጢሳዊው መከላከያ ከሁሉ የሚጠነክረው ደግሞ እኛ ባለንበት በወገቡ አካባቢ ነው። ለእናትሽ ደውለሽ ይህን ንገሪያቸውና እንቅልፋቸውን ይተኙ።

አሁን ወደ ኬፒ ልምጣ። ኬፒ በአብዛኛው በመካከለኛ ኬክሮስ በሚገኙ 13 የመግነጢስ ጣቢያዎች ንባብ ላይ ተመሥርቶ በየ3 ሰዓቱ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ከ0 እስከ 9 ይሄዳል። ጀርመናዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ዩሊየስ ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1949 ያበጁት ሲሆን ዛሬም የሚሰላው በጀርመን ፖትስዳም ነው። የጂ ደረጃዎቹ ከእሱ ይወጣሉ፤ ኬፒ 5 ሲሆን ጂ1፣ ኬፒ 9 ሲሆን ጂ5 ይባላል። እንግዲህ ይህ ቁጥር የተሠራው በመካከለኛ ኬክሮስ ላሉ አገሮች ሰማይ ነው። ኬፒ 8 ሲደርስ የአውሮራው ቀለበት ከዋልታው ተንሸራቶ እስከ 50 ዲግሪ ገደማ መግነጢሳዊ ኬክሮስ ይወርዳል። በእኛ የኬንትሮስ መስመር ወደ ሰሜን ብንሄድ ይህ ሞስኮ አካባቢ ነው። ሞስኮ ደግሞ ከሱሉልታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ርቀቱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ በቁጥር እንየው። የአውሮራው አረንጓዴ ብርሃን ከመሬት 100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከኦክስጅን ይወጣል። ቀዩም ከኦክስጅን ነው፤ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ ስለሚፈጠር በከባድ ማዕበል ጊዜ ጫፉ 500 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከሩቅ ያለ ሰው አረንጓዴው ከመሬት ክብ በታች ስለሚቀርበት የሚያየው ቀዩን ብቻ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ብርሃን ቢበዛ ከ2,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ይታያል፤ ያውም አድማሱን ታክኮ። ከሱሉልታ ወደ ሰሜን 2,500 ኪሎ ሜትር ሲለካ የካይሮን ኬክሮስ ትንሽ ያልፋል። ብርሃኑ ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ በደንብ እንዲታይ ከተፈለገ ርቀቱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በታች መሆን አለበት። ይህ ማለት አውሮራው ከአስዋን ወዲህ መምጣት አለበት ማለት ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ መውጣትም ብዙ አይረዳም። 3,200 ሜትር ከፍታ አድማሱን ቢበዛ በ200 ኪሎ ሜትር ቢያርቀው ነው።

የአያት ልጅ ሆይ፣ የፖርቶ ሪኮው ነገር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። አውሮራ የሚከተለው ካርታ ላይ ያለውን ኬክሮስ ሳይሆን መግነጢሳዊውን ነው። የምድር መግነጢሳዊ ምሰሶ ወደ ሰሜን አሜሪካ ስለሚያጋድል ፖርቶ ሪኮ በመግነጢሳዊ ስሌት ከ25 ዲግሪ በላይ ላይ ናት። በእኛ በኩል ግን መግነጢሳዊው ወገብ ወደ ሰሜን ወጥቶ በኢትዮጵያ ምድር ያልፋል፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ እላዩ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። በነፃነት የተንጠለጠለች የመግነጢስ መርፌ ኖርዌይ ላይ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች፤ እዚህ ግን አግድም ትተኛለች። ከአውሮራ አንጻር ከዚህ የባሰ ሩቅ ቦታ በምድር ላይ የለም።

የሱሉልታዋ እናት፣ ሱሉልታ፣ ማታ 2፡20

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ልጆቹ ግን አኩርፈው ተቀምጠዋል። ትልቁ «ታዲያ ማዕበሉ እኛ ጋ ምንም አያደርግም ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅዎታል።

መምህሩ፣ ሰበታ፣ ማታ 2፡50

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ያደርጋል። ከዓይናችን ውጭ ስለሆነ ብቻ ነው የማናስተውለው።

በቀን ብርሃን ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ተጣብቆ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ረፋዱ ላይ ይበረታል፣ እኩለ ቀን አካባቢ ጉልበቱ ጫፍ ይደርሳል፤ ሲመሽ ይከስማል። ይህን የሚከታተል የመግነጢስ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1958፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው፤ መረጃውም ኢንተርማግኔት በሚባለው የዓለም መረብ በኩል ይወጣል። እዚህ ያለው የምድር መስክ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢስ መስክ ብርታት መለኪያ) ገደማ ነው። በሰላም ቀን ግራፉ ከጠዋት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወጣና ወደ ማታ ይመለሳል።

የማዕበል ቀን ግን ሌላ ነው። ከፀሐይ የተነሣው የቅንጣቶች ደመና ምድርን በመታበት ደቂቃ ግራፉ ወደ ላይ ይዘላል፤ ይህ ዝላይ በዓለም ላይ ባሉ ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ምክንያቱም በምድር ዙሪያ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት የሚዞር የቅንጣቶች ቀለበት ይወፍርና የምድርን መስክ ይቀንሰዋል። የዚህን ቀለበት ብርታት የሚለካው ዲኤስቲ የተባለው ቁጥር ሲሆን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ በየሰዓቱ ያወጣዋል። ዓርብ ግንቦት 2 ቀን 2016 ማዕበሉ ምድርን የመታው በእኛ ሰዓት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነበር፤ ለቅዳሜ አጥቢያ ወደ ሌሊቱ 11 ሰዓት ዲኤስቲ ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ጂ5 ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ልጅሽ ያን ሌሊት ሰማዩን ቢያይ ከዋክብትን ብቻ ያይ ነበር፤ ግራፉን ቢያይ ግን ሁሉንም ያይ ነበር። ለትልቁ ልጅሽ የምመክረው ዛሬ ሌሊት ሳይሆን ነገ ጠዋት ግራፉን ከፍቶ ዝላዩን እንዲፈልግ ነው።

አጭር ሞገድ፣ ቡራዩ፣ ማታ 3፡15

ለልጁ አንድ ነገር ልጨምርለት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማዕበል ሲባል ሁሉም ሌሊቱን ይጠብቃል፤ ለእኛ ለወገብ ሰዎች ግን ትልቁ ነገር የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው።

መስከረም 23 ቀን 2017 ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ከአውሮፓ የሚመጣ ጣቢያ እየሰማሁ ነበር። ድምፁ በደቂቃ ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ጣቢያው ብቻ ቢጠፋ እዚያው የሆነ ነገር ነው እል ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ከበስተጀርባ የሚሰማው ሹክሹክታ፣ የሩቅ መብረቅ ስንጥቅጥቅታ፣ እርሱም አብሮ ጠፋ። መደወያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩት፤ ዝም። ከዚያ ከላይኛው ድግግሞሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የታችኞቹ እስኪመለሱ ብዙ ቆየ። ማታ ሳነብ በዚያው ሰዓት ፀሐይ ላይ ኤክስ9 የሚባል እጅግ ከባድ ፍንዳታ እንደነበረ አወቅሁ። አፍሪካ ያን ጊዜ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ነበር።

ለዚህ ትንበያ መጠበቅ አይቻልም። የፍንዳታው ኤክስሬይ በብርሃን ፍጥነት ስለሚመጣ 8 ደቂቃ ይበቃዋል፤ መጣ ሲባል መጥቷል። የሚተነበየው ዕድሉ ብቻ ነው፦ ፀሐይ ላይ ትልቅና የተወሳሰበ ነቁጥ ቡድን ካለ፣ በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ፍንዳታ የመድረስ ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው ይሉሃል።

ቀያሹ፣ ለገጣፎ፣ ማታ 3፡40

መምህር፣ ጋሼ፣ ያላችሁት ነገር ሥራዬን ነካው። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ በለገጣፎና በሰንዳፋ ዙሪያ የወሰን ችካል እተክላለሁ። አንዱን ጂፒኤስ በታወቀ ነጥብ ላይ አቁመን በሌላው እየዞርን ነው የምንለካው። ጠዋት ላይ ኮንትሮለሩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ «ፊክስ» ይላል፤ ስሕተቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ግን ሳተላይቱ ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዛፍ ሳይኖር «ፍሎት» ላይ ተገትሮ ይቀራል። ቁጥሩ እየዋለለ ነጥቡን ግማሽ ሜትር ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። ከጎኔ ሁለት ጎረቤታሞች ቆመው እያዩኝ፣ በመካከላቸው ያለው ክርክር ደግሞ ግማሽ ሜትር አይሞላም። መሣሪያውን የሸጠልን ድርጅት አየውና ጤነኛ ነው ብሎ መለሰው። ባልደረቦቼ አሁንም የመሣሪያው ችግር ነው ይላሉ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

መምህሩ፣ ሰበታ፣ ማታ 4፡10

በእጅጉ ይያያዛል፤ ማዕበል ባይኖርም እንኳ።

የጂፒኤስ ምልክት ወደ አንተ ሲመጣ አዮኖስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ላይኛ ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ያዘገዩታል። በወገብ አካባቢ የኤሌክትሮኑ ብዛት ከዓለም ሁሉ ይበልጣል፤ በዕለት ውስጥም የሚበዛው ልክ አንተ ባልክበት ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ቀን ላይ ፕላዝማው (ኤሌክትሮኖቹን የያዘው ጋዝ) ከመግነጢሳዊው ወገብ በላይ ወደ ላይ ይነሣና በሰሜንና በደቡብ ወደ 15 ዲግሪ መግነጢሳዊ ኬክሮስ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ እንደ ፏፏቴ ምንጭ ወጥቶ ግራና ቀኝ ይፈሳል። ስለዚህ በቆመው መሣሪያህና በምትዞርበት መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢኖርም ሁለቱ የሚያዩት አዮኖስፌር አንድ አይሆንም። ያን ጊዜ መሣሪያው «ፊክስ» ማለትን ይፈራል፤ ደግሞም ትክክል ነው የሚፈራው።

ከዚህ የሚከፋው ማታ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት፣ በአዮኖስፌር ውስጥ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው የፕላዝማ አረፋዎች ከታች ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ። ምልክቱ በእነርሱ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ ተቀባዩም ሳተላይቱን ይጥላል። በእኛ አካባቢ ይህ የሚበዛው ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው ወራት፣ በመስከረምና በመጋቢት ዙሪያ ነው፤ ፀሐይ በነቃችባቸው ዓመታት ደግሞ ይብሳል። አሁን ያለነው በ25ኛው የፀሐይ ዑደት ከፍታ ማግሥት ነው። የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከፍተኛው ወቅት መድረሱን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ነበር። የባልደረቦችህ መሣሪያ ፀሐይ ጸጥ ባለችባቸው ዓመታት በትክክል ይሠራ ከነበረና አሁን ካስቸገረ ሰማዩን እንጂ ሻጩን አይክሰሱ።

ምክሬ ይህ ነው። የወሰን ሥራህን ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ጨርስ። የቆመውን መሣሪያ ወደምትለካበት አቅርበው። የተከራካሪዎችን ችካል በ«ፍሎት» ቁጥር ፈጽሞ አትትከል። ጂ3 እና ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ በወጣ ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮ ሥራ ሥራ። በግንቦት 2016 ማዕበል የአሜሪካ ገበሬዎች በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮቻቸውን በመዝሪያ ወቅት ለማቆም ተገድደው ነበር። ከእነርሱ የምንለየው አንድ ነገር አለ፤ በወገቡ ላይ ማዕበል አረፋዎቹን አንዳንድ ጊዜ ያበዛቸዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ ያፍናቸዋል። የሚወስነው ማዕበሉ የደረሰበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ለእኛ ከኬፒው ቁጥር ይልቅ የመድረሻ ሰዓቱ ይበልጣል።

የሌሊት ጥበቃ፣ ሆለታ፣ ሌሊት 5፡30

ሥራ ላይ ነኝ። የአያት ልጅ የለጠፍከውን ፎቶ አየሁት፤ በስተሰሜን ምዕራብ ዝቅ ብሎ ያለውን ሮዝ ብርሃን። ወንድሜ፣ እኔ በአበባ እርሻ ጥበቃ ነው የምሠራው። አንዳንድ አበባ በሌሊት መብራት ይበራለታል፤ ያን ጊዜ ደመና ዝቅ ካለ ከግሪንሃውሱ ላስቲክ ላይ የሚወጣው ብርሃን ሰማዩን ከሩቅ ሮዝ ያደርገዋል። መብራቱ ሲጠፋ ሰማዩም ይጠፋል። ፎቶውን ካነሣህበት ቦታ ሆነህ በተለያየ ሌሊት በዚያው ሰዓት እየው።

መምህሩ፣ ሰበታ፣ ሌሊት 5፡50

የሌሊት ጥበቃ፣ እጅህ ይባረክ። ሰማይን ሌሊቱን ሁሉ የሚያይ ሰው ምስክርነት ከብዙ መተግበሪያ ይበልጣል።

ቀይ ብርሃን ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያጣራ። ወደ ሰሜን ካልሆነ ተወው። ብርሃኑ ከደመናው ሥር ከሆነ የመሬት መብራት ነው፤ አውሮራ ከደመና በላይ፣ ከከዋክብት ፊት ነው የሚቆመው፤ ከዋክብትም በውስጡ ያበራሉ። ካሜራውን በድንጋይ ላይ አስደግፈህ ከ10 ደቂቃ ልዩነት ጋር ደጋግመህ አንሣ፤ የመንደር መብራት ባለበት ይቆያል፣ አውሮራ ቅርጹን ይለውጣል። ከሁሉም በላይ የዲኤስቲውን ቁጥር በዚያች ሰዓት እይ።

የስልክ ካሜራ በሌሊት ሁነታ ሲያነሣ ሰማዩን አረንጓዴ ወይም ቀላ አድርጎ ማሳየቱም አያስደንግጣችሁ። አየሩ ራሱ ሁልጊዜ ደካማ ብርሃን ያወጣል፤ ቀን የፀሐይ ጨረር ሞለኪውሎችን ሰንጥቆ የለያያቸው አቶሞች ሌሊት ሲጋጠሙ የሚወጣ ነው። ከአውሮራ ጋር አንድ ዓይነት ኦክስጅን፣ አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው። ያንን ከሱሉልታ ማንሣት ይቻላል፤ ጨረቃ የሌለበት የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ሌሊት ይመረጥ።

የአያት ልጅ፣ አያት፣ ሌሊት 6፡15

መምህር፣ የለጠፍኩትን ፎቶ ከመድረኩ አወርደዋለሁ፤ የሌሊት ጥበቃም አመሰግናለሁ። ነገር ግን «ከዚህ አይታይም» የሚለውን እንዲህ ዘግተን እንዳንሄድ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1872 የነበረው ማዕበል በካርቱም ታይቷል፤ በየመኗ ኤደንም ታይቷል፤ በቦምቤይም ታይቷል። ኤደን ከሱሉልታ በኬክሮስ 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። በዚያን ጊዜ ጎንደር ወይም አክሱም ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ ሰው ቀይ ሰማይ ማየት ይችል ነበር ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 1864 ነው። በዚያው ጥር ወር ነው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም የነገሡት! አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም።

መምህሩ፣ ሰበታ፣ ሌሊት 6፡40

ልክ ነህ፤ እኔም «በኬፒ 8 አይታይም» አልኩ እንጂ ለዘላለም አይታይም አላልኩም። በቦምቤይ ኮላባ ጣቢያ በተመዘገበው ንባብ ሲገመት የዚያ ሌሊት ማዕበል ከ800 ናኖቴስላ በላይ የወረደ ነበር፤ የግንቦት 2016ቱ እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ፍንዳታውን በዓይኑ ካየው በኋላ የመጣውም በዚህ ተርታ ነው፤ ኩባና ሃዋይ ላይ አውሮራ ታይቷል። እንዲህ ያለው በመቶ ዓመታት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመጣ ነው። ኬፒ ግን ይህን አይነግርህም። ከ9 በላይ ስለማይሄድ የ2016ቱም የ1864ቱም ለእሱ ያው 9 ናቸው። እኛ ኬፒን ትተን ዲኤስቲን እንከተል የምለው ለዚህ ነው።

ለሱሉልታዋ እህቴ እንግዲህ የትንበያውን አካሄድ ልንገርሽ፤ ልጅሽ ይጻፈው። መጀመሪያ ቴሌስኮፖች ከፀሐይ የተፈነጠቀውን ደመና ያያሉ። ደመናው ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል፤ የካሪንግተኑ በ17 ሰዓት ተኩል ገደማ ደርሷል። በአሜሪካ ቦልደር ያለው የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል የሚያወጣው የመድረሻ ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም በ10 ሰዓት ቢዛነፍ የተለመደ ነው። በዚህ ደረጃ ማንም ሰው የማዕበሉን ጥንካሬ በእርግጥ አያውቅም። ጥንካሬውን የሚወስነው ደመናው ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ነው፤ ቢዜድ ይሉታል። ወደ ደቡብ ከዞረ የምድርን መስክ ይከፍተዋል፤ ወደ ሰሜን ከዞረ ያ ሁሉ ደመና ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የሚታወቀው ደመናው ከእኛ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ባሉት መንኮራኩሮች ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ «ኤስ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1997፣ «ዲስኮቨር» የተባለው በ2015 የተላኩት ለዚሁ ነው። ከእነርሱ እስከ እኛ ያለው ጊዜ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ለኖርዌይዋ እህትሽ ቢዜድ ወደ ደቡብ 10 ናኖቴስላ ሲሆን መውጣት ይበቃታል። ለአንቺ የእኔ መመዘኛ ሌላ ነው። ቢዜድ ወደ ደቡብ ከ50 ናኖቴስላ በልጦ ለሰዓታት ካልቆየና ዲኤስቲ ከ−600 ካላለፈ ልጆቹን አትቀስቅሺ። ያ ከሆነ ግን ከሰው ሁሉ በፊት ቀስቅሻቸው፤ የክረምት ደመና ካልሆነ በስተቀር ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የእናንተ ሰሜን በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ሁሉ የተሻለ ነው። እኔም መኪናዬን አስነሥቼ እዚያው እመጣለሁ።

የሱሉልታዋ እናት፣ ሱሉልታ፣ ጠዋት 1፡30

እንደምን አደራችሁ። ልጄ ቁጥሮቹን ደብተሩ ላይ ጽፏቸዋል፤ ግራፉንም ከፍተን አየን። ዝላዩ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ጣቱን አስቀምጦ «እዚህ ጋ ነው የመታን» ብሎ ታናሹን አሳየው። ዲኤስቲው 150 ብቻ ነው የወረደው። አላወጣኋቸውም፤ መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ።

ዲያቆኑ፣ እንጦጦ፣ ጠዋት 2፡15

የአያት ልጅ ስለ ጥር 27 ያነሣኸው ነገር ሌሊቱን ሲያሳስበኝ አደረ። የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ አባቶቻችን ብዙ ይጽፉ ነበር፤ ፀሐይ ጨለመች፣ ጭራ ያለው ኮከብ ታየ፣ አንበጣ መጣ እያሉ። ሰማይ በሰሜን እንደ ደም ቀላ የሚል ካለ በዚያው ነው የሚገኘው። ለመፈለግ የሚረዳችሁን ልንገራችሁ። 1864 ዘመነ ዮሐንስ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ መድኃኔዓለም ነው፤ ሌሊቱ ለአማኑኤል አጥቢያ ይሆናል። ጸሐፊው ቀኑን በቁጥር ሳይሆን በበዓሉ ጠርቶት ሊሆን ስለሚችል «መድኃኔዓለም» እና «አማኑኤል» የሚሉትንም ፈልጉ። «ዮሐንስ በነገሠ በዓመቱ» ወይም «በነገሠ በወሩ» የሚልም ሊኖር ይችላል።

የትግራይ፣ የጎንደርና የላስታ ሰዎች በዚህ መድረክ ካላችሁ፣ በደብራችሁ ያሉትን መምህራን ጠይቁልን። መጽሐፉን ሳትነኩ፣ አስፈቅዳችሁ፣ የኅዳጉን ጽሑፍ ብቻ ፎቶ አንሥታችሁ የደብሩንና የመጽሐፉን ስም ጽፋችሁ ላኩ። እኔ ከሰኞ ጀምሮ በእንጦጦ ዙሪያ ካሉት አድባራት እጀምራለሁ፤ ግእዙን ማንበብ ለሚቸገርም አነብለታለሁ።

የአያት ልጅ፣ አያት፣ ጠዋት 2፡30

ዲያቆን፣ ሰኞ አብሬ እመጣለሁ። ካሜራው እኔ ጋ ነው።